ስንቅ ያለው ወረቀት

ኮልሃፑር፤ ሰኔ ነው፤ ዝናቡ አጥሩን ያጥባል፤
መስኮት ቁጥር አራት ላይ፥ አንድ ቼክ ይመለሳል።
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፥ በዚህ ወንበር ተቀምጬ፥
የስንቱን ሰው ቃል መለስኩ፥ በቀይ ማኅተም አስጊጬ።

ቼክ እንደ መንገደኛ ነው፤ ስንቅ ካልያዘ ይደክማል፤
ከደጃችን ሳይገባ፥ ከመንገድ ላይ ይቀራል።
«ደረቅ» ይሉታል ሰዎች፤ እኔ ግን ስንቱን አየሁ፤
ስንቅ ሞልቶት ለሚመለስ፥ ስም እስከ ዛሬ አላገኘሁ።

ቀኑ ያለፈበት አለ፥ ከሦስት ወር በኋላ የመጣ፥
ኪስ ውስጥ ተረስቶ ከርሞ፥ ከሳሪ ጋር ታጥቦ የነጣ፤
በፊደል «ዘጠኝ» ብሎ፥ በአሃዝ ስድስት የሚል፥
ራሱ ከራሱ ጋር፥ ችሎት የቆመ ይመስል፤
«አትክፈሉ» ተብሎ፥ መንገዱ የተዘጋበት፥
ሂሳቡ የሞተበት፥ ባለቤቱ እያለ በሕይወት።

ያን ማክሰኞ የመጣችው፥ ጋንጉባይ ሳሎኬ ነች፤
ጣቷ በወስፌ የተበሳ፥ ጫማ እየሰፋች ያደገች።
መቶ ሃያ ጥንድ ሰንደል፥ ለዳዶባ ሺንዴ ሰጥታ፥
አሥራ ስምንት ሺህ ሩፒ፥ በአንዲት ወረቀት ይዛ ወጥታ፥
ለቆዳ ሻጩ ቃል ገብታ።

ወረቀቱ ተመለሰ። ቅጣትም ከእሷ ተቆረጠ።
«ዋሸ የተባለው እሱ፤ ለምን የእኔ ኪስ ተመጠጠ?»
በመስታወቱ ቀዳዳ፥ ጥያቄዋን ጣለችብኝ፤
ደንቡን የጻፈው ሌላ ነው፤ ግን ፊቴ ነው የጋለብኝ።

«ሌባ ነው! ጠበቃ እይዛለሁ!» ስትል ድምጿ ናረ፤
ተራ የቆመው ሁሉ፥ ጆሮውን ወደ እኛ አዞረ።
ቆይ እህቴ፥ መጀመሪያ፥ ይህቺን ብጣሽ አንብቢ፤
ከመክሰስሽ በፊት፥ ምክንያቱን ከልብሽ አግቢ።
«ስንቅ አነሰ» የሚለው ሣጥን፥ ባዶ ነው፥ እንደ በጋ ወንዝ፤
«ፊርማው ይለያል» ነው የሚል፤ አንድ ምልክት፥ አንድ መዘዝ።
ሂጂ ከቤቱ፤ ብጣሹን አሳዪው፤ ጠይቂው በደህና ቃል፤
ሰው ከክስ በፊት ቢጠየቅ፥ አንዳንዴ እውነት ይወልዳል።
እምቢ ካለ ማስጠንቀቂያ አለ፥ በሠላሳ ቀን የሚጻፍ፤
ግን የችሎት መንገድ ሶል ይበላል፤ ይቀድማል ጉልበት ማትረፍ።

ሄደች።

ዳዶባን በረንዳው ላይ፥ ወንበር ውስጥ አገኘችው ተዘፍቆ፤
ቀኝ እጁ ከጭኑ ላይ፥ እንደ ወፍ ጫጩት ተሸማቅቆ።
በመጋቢት ስትሮክ መትቶት፥ ግማሽ ጎኑን ወስዶበት፥
ፊደሉን ለራሱ ይዞ፥ መንቀጥቀጡን ትቶለት።
ለገበያ አልነገረም፤ ነጋዴ ሲታመም ይረክሳል፤
ለልጁ እንኳ ሳይናገር፥ በግራ እጁ ይፈርማል።
«ገንዘቡማ አለ፤ እጄ ነው» አላት፤ «እጄ ነው የከዳኝ፤
ፊርማዬ ወጣት ሆኖ ቀረ፤ እኔን ነው እርጅና የጎዳኝ።»

ሐሙስ መጡ፥ በአንድ ጃንጥላ፤ ክንዱን በሁለት እጇ አጥብቃ፤
ከሳሽ ተከሳሽ ስትደግፍ፥ እንዳይጥለው የሰኔ ጭቃ።
አዲስ የፊርማ ካርድ ሰጠሁት፤ አየሁ መታወቂያውን፤
ሥራ አስኪያጁ ባለበት፥ በሐኪም ወረቀት፥ አውራ ጣቱን
ሰማያዊ ቀለም ነክሮ አሳረፈው። ሁላችን ዝም አልን።
ፊደል የለው፤ ሰረዝ የለው፤ ትልም ብቻ፥ እንደ እርሻ፤
እጅ ቢንቀጠቀጥ እንኳ፥ የማይለወጥ ማስታወሻ።

አዲስ ቼክ ተቆረጠ፤ ቀኑ ልክ፥ ቃልና አሃዙ አንድ፤
ቅጣቷንም ጨመረላት፥ ሳትጠይቀው፥ በገዛ ፈቃድ።

ከሰዓት መስኮቴን ስዘጋ፥ የራሴን ካርድ አወጣሁ፤
ሃያ ሁለት ዓመት የሞላው፥ ያን ኩሩ ፊርማዬን አየሁ።
ጅራቱ አንዴ ተጠቅልሎ፥ ሽቅብ የሚወጣ ነበር።
ባዶ ወረቀት ላይ ሞከርኩት፤
አንዴ።
ሁለቴ።
ሦስተኛው ላይ ተውኩት።